የጠፋው 11 ሴንቲ ሜትር

ገና ካለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 2 ጠዋት፣ የስፌት ማሽኔን ዘይት እያጠጣሁ ሳለ አንዲት የቆዩ ደንበኛዬ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጨርቅ በልጅ አሸክመው ሱቄ ገቡ። ወትሮ ሲመጡ የቤተሰቡን ደኅንነት በየተራ ጠይቀው፣ ወንበር ተስቦላቸው፣ ከዚያ ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። የዚያን ዕለት ሰላምታውም አጠረ። «በል እየው! ይህ ነው ጨርቅ ብለህ የሸጥክልኝ?» ብለው አንዱን ማዳበሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት።

እኔ ጎንደር አራዳ አካባቢ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ደንበኛ ተቆጥቶ ሲገባ መጀመሪያ የማነሣው ሜትሬን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ለልኬት፣ ግማሹ ትንፋሽ ለማግኘት ነው። ደብተሬን ገለጥኩ። ከስድስት ዓመት በፊት በገዛ እጄ «ሳሎን፣ ወፍራም 4፣ ቁመት 240» ብዬ ጽፌአለሁ። አንድ በአንድ ዘርግቼ ስለካ የመጀመሪያው 229፣ ሁለተኛው 228፣ የቀሩት ሁለቱ 229 ሆነው ተገኙ። ከእያንዳንዱ መጋረጃ ግማሽ ስንዝር ያህል ቁመት ጠፍቷል። ወለል ይነካ የነበረ መጋረጃ፣ ሱሪ እንዳጠረበት ጎረምሳ ቁርጭምጭሚቱን አውጥቶ ሊቆም ነው።

«እትዬ፣ በምን አጠቧቸው?» አልኩ።

«በውሃ!» አሉኝ።

ወንበር ሳብኩላቸው። ሻይ አዘዝኩ። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ አወጉኝ።

ቤቱ

ቤታቸው ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። ሳሎኑ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ መስኮት ስላለው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትገባበታለች። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ ደስ ይበል እንጂ ፀሐይዋ ለጨርቅ ጨካኝ ናት፤ ከፍታ በጨመረ መጠን ቀለምና ክር የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል፣ የመስኮት መስታወትም ከፊሉን እንጂ ሁሉን አያስቀረውም። ቤቱ መንገድ ዳር ስለሆነ ዝናቡ ካቆመበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚመለስ ድረስ አቧራው አይጣል ነው። በዚህ ላይ ቡናው በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ከሰሉና ዕጣኑ ይጨሳል።

መጋረጃዎቹ ሦስት ዓይነት ነበሩ። ሳሎን ውስጥ እኔ የሰፋኋቸው አራት ወፍራም፣ ክሬም ቀለም ያላቸው፤ ከእነሱ ኋላ ሁለት ነጭ ስስ መጋረጃዎች፤ መኝታ ቤት ደግሞ ተሰፍተው የተገዙ፣ ጀርባቸው ላስቲክ በሚመስል ሽፋን የተቀባ፣ ብርሃን የማያስገቡ ሁለት። እኔ ሦስት ዓይነት ብዬ ቆጠርኳቸው እንጂ ለእትዬ ሁሉም አንድ ነገር ነበሩ፦ መጋረጃ።

ውሃው የመጣ ቀን

ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል። ጎንደር ውስጥ ቤት ላለው ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በሚወርዱበት በከተራ ዕለት ዘመድ፣ የዘመድ ወዳጅ፣ የወዳጅ ጎረቤት ቤቱን ሞልቶ ያድራል። እትዬም ከገና በፊት ቤቱን ጠራርገው ለመጨረስ አሰቡ። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ውሃ የመጣ ዕለት ያልታጠበ ነገር እስከሚቀጥለው ተራ ይቆያል። ውሃው ታኅሣሥ 26 ማታ መጣ።

እሳቸውና ቤት ውስጥ የምትረዳቸው ልጅ ስምንቱንም መጋረጃ በአንድ ጊዜ አወረዱ፤ የብረት መንጠቆዎቹ እዚያው እንደተሰኩ። ውሃ አፈሉ። አራቱን ወፍራሞችና ሁለቱን የመኝታ ቤት መጋረጃዎች በአንድ ትልቅ ሳፋ በኦሞ ዘፈዘፉ፤ ስሶቹን ለብቻቸው በፈላ ውሃና በበረኪና። እንዲህ ሆነው አደሩ። ጠዋት በእግር ረገጧቸው፤ ከዚያ አንዷ በአንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ይዘው እንደ ጋቢ ጠመዘዟቸው። ጓሮ ባለው ሽቦ ላይ ረፋድ ላይ ተሰጡ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲነሡ ሁሉም ክው ብለው ደርቀዋል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ አንድም የስንፍና ሥራ የለም። ሁለት ሴቶች አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ ለፍተዋል። ጋቢ በዚህ መንገድ ቢታጠብ ደግሞ ምንም አይሆንም ነበር።

ጠረጴዛው ላይ

ከወፍራሙ መጋረጃ ጫፍ ሁለት ክር መዘዝኩ። አንዱን በክብሪት ለኮስኩት፤ እንደ ወረቀት ነደደ፣ የወረቀት ጭስ ሸተተ፣ ጣቴ መሃል የሚበተን ግራጫ አመድ ተወ። ፖሊስተር ቢሆን ኖሮ እየቀለጠ ይኮማተርና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ ወይ ጥጥ ነው ወይ ቪስኮስ የሚሉት፣ ከእንጨት በፋብሪካ የሚሠራው ክር። እሳት ሁለቱን አይለያቸውም፤ ሁለቱም መነሻቸው ተክል ነውና። የሚለያቸው ምራቅ ነው። የሁለተኛውን ክር መሃል በምላሴ አርጥቤ በሁለት እጄ ሳብኩት። ልክ ከረጠበው ቦታ ላይ፣ ድምፅ ሳያሰማ ለቀቀ። የቀረውን ደረቅ ቁራጭ ስስበው ግን ጣቴን ከረከረኝ እንጂ እንደዚያ በቀላሉ አልተበጠሰም።

ቪስኮስ ነው። ጥጥ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፤ ቪስኮስ ግን ሲረጥብ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለእትዬም አንድ ክር መዝዤ ሰጠኋቸው። በራሳቸው ምላስ አርጥበው ሳቡት። «ውይ!» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ለዘብ አለ።

ማጠሩም ከዚሁ ይመጣል። ጨርቅ ከፋብሪካ የሚወጣው ተወጥሮ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲያድር ክሩ ያብጣል፤ ያበጠው ድር በማጉ ላይ ወጣ ገባ እያለ ለመሄድ ተጨማሪ ርዝመት ይፈልጋል፤ ያንን ርዝመት የሚያገኘው ጨርቁን ወደ ራሱ በመሰብሰብ ነው። ድሩ ከማጉ ይበልጥ ተወጥሮ ስለሚሠራ ይበልጥ የሚያጥረውም ቁመቱ ነው። ከላይ የሰፋሁት ጥብጣብ ግን ፖሊስተር ስለሆነ አላጠረም። ጎኑ በትንሹ የተሰበሰበውን ጨርቅ በልጦ እንደ አባ ጨጓሬ ተቆልምሞ ነበር።

ሁለተኛው መጋረጃ ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሄደ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስንጥቅ አለ። እትዬ ሽቦው ቀደደው ብለው ነበር። ወደ ሱቄ በር ወስጄ በብርሃኑ ላይ ዘረጋሁት። ስንጥቁ ያለበት ቦታ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጣት በሚሆን ስፋት ከሌላው የሳሳና የነጣ ነው። መጋረጃው ቀን ቀን ተሰብስቦ ሲቆም አንዱ እጥፋት ሁልጊዜ ወደ መስታወቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የምዕራብ ፀሐይ ያረፈችው በዚያች አንዲት መስመር ላይ ነው። ስንጥቁ ያላለፈበትን ክፍል በሁለት አውራ ጣቶቼ መሃል አድርጌ ገፋ አደረግሁት። እንደ ከረመ ወረቀት ተተረተረ። ሽቦው ንጹሕ ነው። መጠምዘዙም ቢሆን የሞተውን ነው የቀበረው። ይህን መጋረጃ ከመታጠቡ በፊት ወደ ብርሃን ያየው ሰው ቢኖር ኖሮ የተሰነጠቀው መስመር እርጥብ ሆኖ ባልተጠመዘዘም ነበር።

ስሶቹ ፖሊስተር ናቸው። ከነጭ ወደ ቢጫ ሄደዋል፤ ሙሉ በሙሉ ተጨማደዋል፤ መንጠቆው በነበረበት ሁሉ ሽምብራ የሚያህል የዝገት ነጠብጣብ አለ። ፖሊስተር በፈላ ውሃ ውስጥ ይለሰልሳል፤ በዚያ ሙቀት ተጠምዝዞ ሲቀዘቅዝ እጥፋቱን እንደ ካውያ መስመር ይይዘዋል። ቢጫውን ያመጣው በረኪናው ብቻ ነው ለማለት ግን አልደፈርኩም። ጨርቁን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ ከበረኪናው ሽታ ሥር ዕጣን አለ። የዕጣንና የከሰል ጭስ ቅባት ያለው ነገር ነው፤ በረኪና ደግሞ ቅባት አያነሣም። ሳይነሣ የቀረው ጥላሸት ላይ ነው የበረኪናው ሥራ የተጨመረበት።

የመኝታ ቤቶቹ አሳዛኞች ነበሩ። ሽፋኑ በሙቅ ውሃ ለስልሶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ሲላቀቅ እንደ ተላጠ ቆዳ ተቀርፏል። እንዲህ ዓይነቱ መጋረጃ ሳፋ ውስጥ መግባት የለበትም። እንደተሰቀለ አቧራው ይራገፋል፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ይጠረጋል፣ ያ ብቻ ነው። አይጠመዘዝም፤ እርጥብ ሆኖ አይታጠፍም፤ ሽፋኑ ላይ ካውያ አያርፍም። ለእነዚህ ከጀርባቸው ጥቁር ጨርቅ ገብር አድርጌ ከመስፋት በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መሸሸግ አልችልም። ቪስኮስ መሆኑን ሳልነግራቸው ነው የሸጥኩት፤ በደብተሬም «ወፍራም» እንጂ የጨርቁን ዓይነት አልጻፍኩም። ጨርቁን ሳልዘፈዝፍ፣ ጥሬውን ቆርጬ ሰፋሁት። ይባስ ብሎ የታችኛውን እጥፋት 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ተውኩለት፤ በሙሉ ቢፈታ እንኳ የጠፋውን 11 አይመልስም። ያኔ ጨርቅ ለመቆጠብ ነበር። ዛሬ ጥጥም ሆነ ቪስኮስ ከመቁረጤ በፊት ውሃ አጠጥቼ አደርቃለሁ፣ ከታችም ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር አጥፋለሁ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው «እንግዲያ ለከተራ አድርስልኝ» አሉ። ስምንት ቀን ቀርቶናል።

ሁለተኛው እጥበት

ጥር 4 ቤታቸው ሄድኩ። ወፍራሞቹ እንደገና መታጠብ ነበረባቸው፤ ኦሞው በደንብ ሳይሟሟ የተበተነባቸው ቦታዎች ከሌላው ነጣ ብለው ቀርተዋል። የዱቄት ሳሙና ውስጥ ነጭን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ነገር አለ፤ ለነጭ አንሶላ ደግ ነው፣ ክሬም ቀለም ላይ ሲያርፍ ግን ለምጽ ያወጣበታል።

በምን እንጠብ ስንል እትዬ ራሳቸው «እናቴ ቢሆን በእንዶድ ነበር» አሉ። ትክክል ናቸው። እንዶድ ቀለም የሚያነጣ ነገር የለውም፣ ለክሩም ለስላሳ ነው። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ነገር የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣንም ይገድላል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው የቢልሃርዝያ መከላከያነቱን ያጠኑት። ለዓሣም መርዝ ስለሆነ የታጠበበትን ውሃ ወንዝ ውስጥ መድፋት አይገባም። ልጅቷ ከቅዳሜ ገበያ ደረቅ ፍሬ ገዝታ መጣች፤ ተወቅጦ፣ በለብ ባለ ውሃ ተመትቶ፣ በነጠላ ተጠለለ። በመጀመሪያ አንዱን ጥግ ብቻ አጥበን በነጭ ጨርቅ ጫንነው፤ ቀለም አልለቀቀም።

ከውሃ በፊት ግን አቧራ። ታጥቦ የደረቀ ጨርቅ ነው ብለን ልናልፈው ነበር፤ ሁለት ሆነን ጓሮ ወስደን ስናራግፈው ከጥብጣቡ እጥፋት ውስጥ ደመና ወጣ። ውሃ የነካው አቧራ ጭቃ ነው፤ የመጀመሪያው እጥበት ጭቃውን ክር ውስጥ አስገብቶት ኖሯል። መንጠቆዎቹን አወጣን፣ የጥብጣቡን ገመድ ፈታን፣ የሳሳውን መስመር በነጭ ክር ምልክት አደረግሁበት።

ውሃው ክርን ሲገባበት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይሰማ፣ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ለብታ ነበር። አንድ ሳፋ አንድ መጋረጃ። ሩብ ሰዓት ያህል በመዳፍ ጫን ለቀቅ፤ ማሸት የለም፣ መርገጥ የለም። ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። ለአራቱ ዘጠኝ ጀሪካን ውሃ አለቀ፤ የእያንዳንዱን የመጨረሻ መለቅለቂያ ለተከታዩ መጀመሪያ ስላደረግነው ነው እንጂ ይበልጥ ነበር።

ልጅቷ ከሳፋው ልታወጣ ጫፉን ይዛ ብድግ ስታደርገው ጮህኩባት። ከማጠባችን በፊት ከጎረቤት እህል ነጋዴ ሚዛን ተውሼ መዝኜው ነበር፦ ደረቁን 1.7 ኪሎ። አሁን ከነሳፋው መዝኜ፣ የሳፋውን ስቀንስ 4.6 ኪሎ። ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ጫፍ፣ ጥንካሬው በግማሽ በወረደ ክር ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ሁለት ክንዶቿን ከሥሩ አስገብታ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ አወጣችው። አሮጌ ጋቢ ዘርግተን በላዩ አስተኛነው፣ አብረን ጠቀለልነው፣ ከዚያ በጉልበታችን ተጫንነው። ጋቢው ጠጣለት። ጠብታው ቆመ፤ መጠምዘዝ ሳያስፈልግ ውሃው ወጣ።

ማድረቂያው በረንዳ ላይ፣ ከፀሐይ ውጭ ሆነ። በሁለት ወንበሮች መደገፊያ ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ዘንጎች ጎን ለጎን አጋድመን፣ ልጣጩ እንዳያቀልመው በላስቲክ ጠቅልለን፣ መጋረጃውን በሁለቱ ላይ አሻግረን አለበስናቸው። እንዲህ ሲሆን ክብደቱ ለሁለት ቦታ ይካፈላል፤ በመሃልም ነፋስ ይገባል። የጥር አየር ደረቅ ስለሆነ ጥላ ውስጥም ቢሆን እስከ ማታ እርጥበቱ ለእጅ ብቻ የሚታወቅ ሆነ።

ቁመት የምንመልሰው በዚያች ሰዓት ነው። ጨርቁ ጨርሶ ከደረቀ አይታዘዝም፤ ውሃ ከያዘ ይቀደዳል፤ በመሃል ያለችው ጊዜ አጭር ናት። መስኮቱ ላይ በራሱ ብረት ሰቀልነው፤ እትዬ ወንበር ላይ ቆመው ከላይ ይይዛሉ፣ እኔ ተንበርክኬ ታችኛውን ጫፍ በየስንዝሩ በመዳፌ ወደ ታች እያሰስኩ እስባለሁ፣ ምልክት ያደረግሁበትን መስመር እየዘለልኩ። ከዚያ በጀርባው በኩል መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ፣ በቁመቱ አቅጣጫ ብቻ። በማግስቱ ስለካው 234፣ 233፣ 235፣ 234። ከጠፋው ግማሽ ያህሉ ተመለሰ። የቀረው አይመለስም፤ ሙከራውን መቀጠል ሌላ ስንጥቅ መጥራት ነበር።

ስሶቹ የቀለለ ሥራ ሆኑ። በረኪናው ጨርሶ እስኪወጣ፣ አፍንጫ እስከማይሰማው ድረስ አለቀለቅናቸው። ይህን ያደረግነው ለዝገቱ ሎሚና ጨው ስለሚያስፈልገን ነው፤ ሎሚ በረኪና ላይ ከፈሰሰ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ሎሚውን ነጠብጣቡ ላይ ጨምቀን ጨው ነስንሰን አንድ ሰዓት ተውነው፤ አብዛኛው ለቀቀ። ለዕጣኑ ቅባት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመርን፤ የመጀመሪያው ውሃ የቡና እጣቢ መስሎ ወጣ። ሳንጨምቅ፣ እየተንጠባጠቡ፣ ከሥራቸው ሳፋ አስቀምጠን መስኮቱ ላይ ሰቀልናቸው። ውሃው ራሱ እየወረደ ጎተታቸው፤ የቀረውን ጭምዳጅ በላዩ ጨርቅ ደርቤ በዝቅተኛ ሙቀት ተኮስኩት። እንደ አዲስ ነጭ አልሆኑም። ቢጫነታቸው ቀንሶ የወተት ቀለም ያዙ፤ እትዬ ይበቃል አሉ።

የቀረኝ ስፌቱ ነበር። ከተሰነጠቀው መጋረጃ የሞተውን መስመር ቆርጬ አወጣሁና ሁለቱን ወገን ገጠምኩ፤ ስፌቱ ወደ እጥፋት ስለሚገባ አይታይም። የጎደለውን ቁመት ለመሙላት ከአራቱም ታች 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁር ቡናማ ጨርቅ ጨመርኩ፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ታጠፈ። ጨርቁን በዋዜማው ዘፍዝፌ አድርቄዋለሁ። የሰፋሁበት አልተከፈለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጥር 8 ማታ ተሰቀሉ።

በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12፣ ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ሳሎኑ በእንግዳ ተሞልቷል። ዓይኔ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ አጋጣሚ ፈልጌ ሜትሬን ከኪሴ አውጥቼ አንዱን ለካሁት፣ በራሱ ክብደት ሌላ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወርዷል። ከባሕር ዳር የመጡ አንዲት እንግዳ ሲለካ አይተው ኖሮ ጠጋ አሉና ቡናማውን ጠርዝ በእጃቸው እያገላበጡ «ይህ የአሁኑ ፋሽን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ወደ እትዬ አየሁ። እትዬ ሲኒ እየቀዱ ነበር፤ ቀና ሳይሉ «አዎ፣ ልጄ ነው ያመጣው» አሉ።

ሴትዮዋ ለስድስት መስኮት አዘዙኝ። ልኬቱን ስጽፍ ከጎኑ የጨርቁን ዓይነት ጻፍኩ።